በድንች ጉዳይ ባላምባራስን ፍለጋ

በአዲስ አበባችን ባሕር ማዶ ደርሶ የተመለሰ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። ሰበታ ያደረ፣ ቡራዩ ላይ ዝናብ የቀጠቀጠው፣ ከገጭገጭ በቅሎ ላይ ወርዶ የታረሰ መሬት ያቀፈ ከተሜ ግን እስከ ዛሬ ከራሴ በቀር አላጋጠመኝም። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ከደጃችን ናቸው፤ ነገር ግን ለብዙዎቻችን የአውቶቡስ ረዳት እየጮኸ የሚጠራቸው ስሞች ብቻ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ጫማዬ ገና ሳይደርቅ ይህን መጻፌ፣ ወደዚያ የመሄድ አሳብ ለሌላቸው አንባቢያን የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ለማስረዳት ነው። ቅደም ተከተል እወዳለሁ። በወጣትነቴ በባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ስከታተል ካተረፍኩት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ ዲግሪውማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል።

አስቀድሜ ነገሩን ላስረዳ። በሱሉልታ ሜዳ ዳር፣ ከተራራው ሥር፣ ጥቂት የሸክላ ሠሪ ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። ሴቶቹ ድስትና ማድጋ ይሠራሉ፤ ወንዶቹ አፈሩን ይቆፍራሉ፣ ማገዶውን ያመጣሉ። አገሬው ዕቃቸውን ይገዛል፤ ከእነርሱ ጋር ግን ለአንድ ማዕድ አይቀርብም፣ መሬትም አይሰጣቸውም። ባለፈው ዓመት የዚያ አገር ባለ መሬት ባላምባራስ ቱሉ ከወንዙ አጠገብ ያለችውን ጠፍ መሬት ሰጧቸውና፣ «አንድ ምርት አሳዩኝ፤ ጭሰኞቼ ሆናችሁ ትኖሩባታላችሁ። ካላሳያችሁኝ ባሕር ዛፍ እተክልባታለሁ» አሏቸው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ዘር ዘርተው አያውቁም። ከእነርሱ አንዷ፣ ድስት ስገዛ ደንበኛዬ የሆነችው ወይዘሮ ጥሩነሽ ጭንቀቷን ብታጫውተኝ፣ በዚያ ቀበሌ ማንም ያልሞከረውን ድንች መከርኳት። የዘሩን ድንች ከጓሮዬ ሰጠሁ፤ በየካቲት ሱሉልታ ወጥቼ ትልሙን በገመድ አስለካሁ፤ ቡቃያው ከፍ ሲል አፈር አቅፈው እንዲያለብሱት አሳይቼ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው።

ማክሰኞ

የሰኔ መጀመሪያ ነበር። ቁርሴን ሳልጨርስ የወይዘሮ ጥሩነሽ ባል ኦቦ ገመዳ ጉለሌ ካለው ቤቴ በራፍ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ፊታቸው የለቀስተኛ ፊት ነው።

«አካም ቡልተኒ፣ አባቴ?»

«ነጋያ፣ ኦቦ ገመዳ። ምነው፣ በደኅና?»

«ድንቹ ሞተ።»

«ምኑ ነው የሞተው?»

«ምኑ ቀረ? መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ጠወለገ፤ አሁን መሬት ላይ ተጋድሟል። ጥሩነሽ አልቅሳለታለች።»

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ አሰገደች እንደምትለው ከሆነ አጨብጭቤአለሁም። «ታዲያ እልል በሉ እንጂ! ቅጠሉ ከሞተ ደርሷል ማለት ነው! ድንች ልጆቹን ከመሬት በታች አሳድጎ ራሱ ይሞታል፤ ወጉ ነው!»

ኦቦ ገመዳ ወደ ባለቤቴ ዞር አሉና፣ «እመቤቴ፣ እኚህ ሰውዬ አሟቸዋል እንዴ?» ብለው በሐዘን ጠየቁ።

«ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ናቸው» አለች።

ገብስም ሲደርስ እንደሚደርቅ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ገብስ ሲደርቅ ፍሬው አናቱ ላይ ይታያል፤ የዚህ ምኑ ይታያል?» አሉኝ። ቆፍረው ለምን እንዳላዩ ብጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ባለ መሬቱ በሌለበት ምርት የነካ ጭሰኛ ከሌባ አይለይም። የባላምባራስ ወኪል መጥቶ የተጋደመውን ቅጠል አይቶ «ሞቷል» ብሎ ነገራቸው፤ ባላምባራስም የባሕር ዛፍ ችግኝ ሊያመጡ ወደ ሰበታ ወረዱ። ዓርብ ቆፋሪ አሰልፈው ሊያስተክሉ ነው።

«እንግዲያውስ ዓርብ መጥቼ አስረዳቸዋለሁ።»

«አይሆንም፣ አባቴ። ባላምባራስ በሰው ፊት የተናገሩትን አያጥፉም። ቆፋሪ ከተሰለፈ በኋላ መልአክ ቢወርድም አይመልሳቸውም። መንገድ ላይ፣ ብቻቸውን ሳሉ፣ ካገኘናቸው ነው።»

ከረባቴን አሰርኩ፤ ጃንጥላዬን ያዝኩ፤ ወጣን።

የሰበታው አውቶቡስ እኛን ከሁለት ፍየሎችና ከአንዲት እጅግ ተናጋሪ ሴት ጋር አሳፍሮ ተነሣ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር ዓለም ገናን እንዳለፍን ጭቃ ያዘው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ «ወንድ የሆነ ሁሉ ይውረድና ይግፋ!» ብሎ አወጀ። እኔም ወረድኩ።

«ኧረ እርስዎ ይቀመጡ፣ አባባ!» አለችኝ ተናጋሪዋ ሴት።

«ወንድ የሆነ ሁሉ ነው የተባለው፤ ዕድሜ አልተጠቀሰም» አልኳት።

ገፋን። አውቶቡሱ መጀመሪያ አልሰማንም፤ ከዚያ ድንገት ሰምቶን ሄደ። እኔም የምገፋው ነገር ከፊቴ ስለ ጠፋ በደረቴ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ። ሴትዮዋ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «ከረባታቸውን! ከረባታቸውን አድኑላቸው!» እያለች ስትጮህ ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። በቤቴ ምንጣፍ ላይ ብርጭቆ ውኃ ሲፈስ ቀኑን ሙሉ የምነጫነጭ ሰው ነኝ፤ እዚያ ግን ተነሥቼ መቆም እስኪያቅተኝ ሳቅኩ። ኦቦ ገመዳም ሲያነሡኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁ።

ሰበታ ደርሰን በቀጥታ ወደ ችግኝ ማፍያው ሄድን። ጠባቂው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «እርስዎንም ተክለዎት ነው የነቀሉዎት?» አለ። ከዚያ ነገሩን ነገረን፤ ባላምባራስ ጠዋት ችግኙን በአህዮች አስጭነው ወደ ቡራዩ ሄደዋል። ልጃቸው ወልዳለች፤ እግረ መንገዳቸውን ሊጠይቋት ነው።

ኦቦ ገመዳ ሸክላ የሚነግድ ዘመድ ስላላቸው እርሱ ዘንድ አደሩ። እኔን ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ የመንዝ ሴት ተቀበሉኝ፤ ብዙ ዘመን እዚያ የኖሩ፣ ጠጅም ማደሪያም ያላቸው ናቸው። ልብሴን አስወልቀው አሳጠቡልኝ፤ በምትኩም የሟች ባላቸውን ሱሪ ሰጡኝ። ሟቹ ግዙፍ ሰው እንደ ነበሩ ሱሪው ይመሰክራል። በገመድ አስሬ ለራት ስቀርብ እመቤቲቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ «ይቅር ይበሉኝ፤ ባሌ ጾም ከርሞ የተመለሰ መሰለኝ» አሉ። ምስር በቅቤ አበሉኝ። አልጋው ከቤቴ አልጋ በአንድ ክንድ ያጠረ ነው፤ እግሬ ወጥቶ አደረ። ቢሆንም ከወራት ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ረቡዕ

ከሰበታ ወደ ቡራዩ በወጨጫ ተራራ ግርጌ የሚያቋርጥ የበቅሎ መንገድ አለ። ልብሴ ስላልደረቀ በሟቹ ሱሪ እንዳለሁ ወይዘሮ ዘነበች በቅሎ አስፈለጉልኝ፤ ባለቤቱም «እጅግ ትሑት ናት፤ የምትጠላው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለኝ። ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይነግረኝ ሌላ ሰው ጠራውና ሄደ።

ነገሩን ያወቅሁት ካፊያ ሲጀምር ነው። ጃንጥላዬን ብዘረጋ ትሑቲቱ በቅሎ አንድ ጊዜ ዞራ አየች፤ ሁለተኛ ለማየት አልቆየችም። ኦቦ ገመዳ ከኋላ «ጃንጥላውን ይልቀቁ! ይልቀቁት!» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በድንጋጤ የለቀቅሁት ልጓሙን ነው። ለአጭር ጊዜ ጃንጥላዬን እንደ ያዝኩ በአየር ላይ ነበርኩ። ያረፍኩት ትናንት የታረሰ የጤፍ ማሳ ላይ ነው፤ በሙያዬ ብመሰክር፣ እንደዚያ ልል ሆኖ የታረሰ መሬት ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

ከአጠገብ ካለው ጎጆ አንድ ገበሬና ሚስቱ «ማሎ! ማሎ!» እያሉ ሮጡ። ሲደርሱ በጀርባዬ ተጋድሜ አፈሩን በጣቶቼ ስፈረፍር አገኙኝ።

«ምንዎን ነው ያመመዎት?» አለ ገበሬው።

«ምንም። ስንት ጊዜ ነው ያረስከው?»

ሰውየው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ኦቦ ገመዳን አየች። ኦቦ ገመዳ አሁን ለምደውኛልና፣ «ደኅና ናቸው፤ እንዲሁ ናቸው» ብለው መለሱ። በጾም ቀን እንግዳ የሚጠጣው ብለው ተልባ በጥብጠው፣ ትኩስ የገብስ ቆሎ ጨምረው አቀረቡልን። በቤቴ ተልባ እንደ መድኃኒት ካልሆነ አይቀርብልኝም፤ እዚያ ግን ጣሳውን ደጋግሜ አስሞላሁ። ገበሬው በቅሎዋን እስከ ሩቅ ሜዳ ተከትሎ ይዟት መጣ። ላመሰግነው ብሞክር፣ «ይልቅ ያንን ጥቁር ነገር አጥፈው ይያዙት» አለኝ።

ማምሻውን ገፈርሳ ስንደርስ የውኃውን ግድብ አየሁት። የቤቴ ቧንቧ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ዘመኔን ሁሉ እያለብኳት የኖርኳትን ላም ፊት ለፊት ያየሁ መሰለኝና ባርኔጣዬን አነሣሁለት። ሰማዩም ሰላምታውን በዶፍ መለሰ።

ቡራዩ የገባነው ከእግር እስከ ራስ ርሰን ነው። ያረፍንበት ማደሪያ ባለቤት ወይዘሮ ማሚቴ ደግና ፈጣን ሴት ናቸው፤ እሳት አቀጣጠሉ፤ ሽሮ በትሪ አቀረቡ። ዞር ብል ኦቦ ገመዳ የሉም። በጣራው ጠርዝ ሥር፣ ከበሩ ውጭ፣ ተረከዛቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው ኦቦ ገመዳ?»

«እዚህ ይሻለኛል፣ አባቴ። ለምጄዋለሁ።»

ወይዘሮ ማሚቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሸክላ ሠሪ ናቸው አይደል? ለእርሳቸው ለብቻ በቅጠል አወጣላቸዋለሁ» አሉ። ልከራከር አልኩና ራበኝ። ስለዚህ ትሪውን ከነሽሮው አንሥቼ ወጣሁ፤ ከኦቦ ገመዳ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ፤ ጃንጥላዬንም ከትሪው በላይ ዘረጋሁ። ጣራው ያፈሳል፤ ጃንጥላው ከበቅሎዋ ወዲህ ተቀዷል፤ ሽሮው እየቀጠነ ሄደ። እኛ ግን እየተጣደፍን በላን፤ ዝናቡና እኛ ማን ቀድሞ እንደሚጨርሰው ተወዳድረን ነበር።

እመቤቲቱ በራፉ ላይ ቆመው ጥቂት አዩን። «ውይ በሞትኩት! ሽማግሌውን በብርድ ልገድላቸው ነው። ግቡ! ሁለታችሁም ግቡ!» አሉ። ኦቦ ገመዳ ገብተው ምድጃው ዳር ሲቀመጡ በእሳቱ ላይ ያለውን ድስት ትኩር ብለው አዩትና፣ «ይህን የሠራችው እናቴ ናት፤ በጆሮው አውቀዋለሁ» አሉ። ወይዘሮ ማሚቴ ድስቱን አዩ፤ ሰውየውን አዩ። «እንዲህም አለ ለካ! ድስቱ ከእሳቴ ዳር፣ ባለ ድስቱ ከደጄ!» ብለው ግንባራቸውን መቱ። ሽሮ እንደ ገና ተሠራ፤ ከዚያ ድስት ወጣ፤ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን።

ሐሙስ

ማለዳ በቅሎዋን ለባለቤቷ እንዲመልሱልን ለወይዘሮ ማሚቴ ትተን፣ የባላምባራስን ልጅ ቤት ጠይቀን ደረስን። ባላምባራስ የሉም። ጎሕ ሲቀድ ገንፏቸውን በልተው፣ አህዮቻቸውን እየነዱ በተራራው አቋራጭ ወደ ሱሉልታ ሄደዋል። ወዲያው ልንከተላቸው ዞር ስንል ከጓዳ አንዲት አክስት ብቅ አሉ።

«ወዴት ነው? አራስ ቤት ገብቶ ገንፎ ሳይቀምስ የሚወጣ ማነው?»

«እመቤቴ፣ እጅግ ቸኩለናል፤ የሰው ኑሮ...»

«የሕፃኑስ ኑሮ? ይቀመጡ!»

ተቀመጥን። አንባቢ ሆይ፣ ገንፎ ትኩስ ነው፤ ትኩስ ገንፎ በችኮላ አይበላም። መሐሉ ላይ ያለው ቅቤ እንደ ገፈርሳ ግድብ ሞልቶ ነበር። ጠርዝ ጠርዙን ቆርሰን ጨረስን ስንል አክስቲቱ ጨመሩ፤ መረቅናቸው፤ ደግመው ጨመሩ። ኦቦ ገመዳ ላብ በላብ ሆነው፣ «አባቴ፣ መሬቱ በገንፎ ምክንያት ሊሄድ ነው» ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ። በመጨረሻ ሕፃኑ ሲያለቅስ አክስቲቱ ወደ ጓዳ ሮጡ፤ እኛም ወደ መንገድ።

የባሕር ዛፍ አጣና ጭኖ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ የጭነት መኪና አገኘን። ከሹፌሩ አጠገብ ያለው ቦታ በዘመዶቹ ስለ ተሞላ እኛ ከአጣናው ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ከፍታ ላይ ዓለም ሌላ ነው። በአስኮ አድርገን ጉለሌ ገባን፤ በገዛ ሰፈሬም አለፍን። ቤቴን ከዚያ በፊት ከላይ አይቼው አላውቅም፤ የጓሮዬ የድንች መደብ ከላይ ሲያዩት ትንሽ ይጣመማል፤ ይህ እስከ አሁን ይከነክነኛል። ወይዘሮ አሰገደች ከደጅ ቆማ ከጎረቤት ጋር ታወራለች። አየችኝ። የሟች ሰው ሱሪ ታጥቄ፣ የተቀደደ ጃንጥላ ይዤ፣ አጣና ላይ ተንሰራፍቼ።

«ሰውዬ! ምን ሆነህ ነው?» ብላ ጮኸች። በጎረቤት ፊት አንተ ስትለኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ድንቹ ሞቷል! ድንቹ ሞቷል!» ብዬ እጄን እያወዛወዝኩ በደስታ መለስኩላት። መኪናው ታጠፈና ሁለቱ ሴቶች ከነተከፈተ አፋቸው ከዓይኔ ራቁ።

የእንጦጦን ትከሻ ስንሻገር ብርዱ እንደ ሌላ አገር ብርድ ተቀበለን። ከወዲያ የሱሉልታ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል፤ ከብት ተበትኖበታል። ባላምባራስ ገና በተራራው መንገድ ላይ ናቸው፤ ቀድመናቸዋል፤ በየት በኩል እንደሚወርዱ ግን የሚያውቅ የለም። ከመኪናው እንደ ወረድን ወደ ማሳው ቸኮልኩ። ደረስኩና ቆምኩ።

ትልሙ ያበራል። በየካቲት በገመድ ያስለካሁት ረድፍ ሁሉ፣ ታቅፎ የለበሰው አፈር ሁሉ፣ እንደ ማድጋ ሆድ ለስልሶ፣ ተወልውሎ፣ ያለ አንዲት ጓል ተዘርግቷል። የደረቀው ቅጠል በላዩ ተኝቷል። በጣቴ ነካሁት፤ ጠንካራ ነው።

«ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ይህ ምንድነው?»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ሰፊ እጅና ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት ናት። ከፊቴ ላይ ያየችው ነገር አስደንግጧት፣ «ምነው አባባ? አፈር አልብሱት ብለው አልነበር? አለበስነው። ከዚያ በማለስለሻ ድንጋይ አለሰለስነው» አለች።

«ማን አለስልሱ አላችሁ?»

«ማን ይበለን? ያልለሰለሰ ነገር ከእጃችን ወጥቶ አያውቅም። ሸካራውን ትተን መንገደኛ ምን ይበለን?»

ድንች ልል አፈር ይፈልጋል። በልል አፈር ውስጥ ይሰፋል፤ በጠንካራው ይታፈናል። ይህን ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እኔም ራሴን ጠላሁ። ኦቦ ገመዳ ከኋላዋ መጥተው ቀስ ብለው፣ «ስንጥቁን ንገሪያቸው» አሏት።

«ምን ስንጥቅ?»

«ከፋሲካ በኋላ መሰንጠቅ ጀመረ» አለች በኀፍረት። «በየግንዱ ሥር። ስንጥቅ ደግሞ ለእኛ ነውር ነው፤ የተሰነጠቀ ዕቃ ማን ይገዛል? ሴቶቹ ተሰብስበን ውኃ በነካ ጭቃ ደፈንነው። እንደ ገና ሰነጠቀ፤ እንደ ገና ደፈንን። ሲሰነጥቅ፣ ስንደፍን፣ ሲሰነጥቅ፣ ስንደፍን...»

«በየግንዱ ሥር?» አልኩ። «ከታች የሚገፋ ነገር ካልኖረ ምን ይሰነጥቀዋል! ድንቹ ነው የሰነጠቀው!» ብዬ ዘለልኩ። ወዲያው ደግሞ ቆምኩ። ከተደፈነበት በኋላ አድጓል ወይስ ታፍኖ ቀርቷል? ይህን የሚነግረኝ መጽሐፍ የለም፤ እርሻውን በድንጋይ የሚወለውል ሕዝብ ይኖራል ብሎ ያሰበ ደራሲ አልተነሣምና። ያን ማታ የገብስ ቂጣ በእርጎ አበሉኝ፤ ከሁሉ የሚሻለውን ቁርበት አነጠፉልኝ። በጉዞው ሁሉ ጭማሪ ያልጠየቅሁባት ራት ያች ብቻ ናት።

ዓርብ

ባላምባራስ ቱሉ ከቀትር በኋላ መጡ፤ እርሳቸው በበቅሎ፣ ችግኙ በአህያ፣ ቆፋሪዎቹና ወኪሉ በእግር። ወፍራም፣ ቀይ፣ ጺማቸው የተበጠረ ሰው ናቸው። ብቻቸውን የማግኘቱ ነገር በገንፎ ቀርቷል። ማሳውን አዩና በቅሏቸውን አቆሙ።

«ይህን መቃብር የለሰነው ማነው?»

እኔ ቀርቤ እጅ ነሣሁ፤ ስለ ልጃቸው፣ «እንኳን ማርያም ማረችልዎ» አልኩ።

«ማርያም ታኑርዎ። በየት አወቁ?»

«ገንፎዋን በልቼ መጣሁ። እርስዎን ፍለጋ ሰበታ አድሬ፣ ቡራዩ አድሬ ነው የደረስኩት።»

«ያችን አክስቷን አገኟት?» አሉና ሆዳቸውን ዳሰስ አደረጉ። «እኔንም አራት ጊዜ ነው የጨመረችልኝ።» ለቅጽበት ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ስለ ድንቹ ስጀምር ግን ፈገግታው ጠፋ። «ጌታዬ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ አከብርዎታለሁ። ነገር ግን ችግኝ ይተከላል ብያለሁ፤ ብያለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። የሞተ ነገር ይዤ ዝናብ አላሳልፍም።»

ወኪሉ በኩራት ወደ ቆፋሪዎቹ ዞረ። በዚህ ጊዜ ኦቦ ገመዳ ወደ ፊት ወጡ፤ ባርኔጣቸው አሁንም በሁለት እጃቸው ነው።

«ጌታዬ፣ የእርስዎ ቃል አይታጠፍም፤ ይፈጸም። ችግኝ ጉድጓድ ይፈልግ የለ? ጉድጓዱ ከእዚህ ይጀመር» ብለው የመጀመሪያውን ትልም ጫፍ በእግራቸው አመለከቱ።

ባላምባራስ ጺማቸውን ያዙ። በነገሩ ውስጥ የሚያስነውር ነገር ፈልገው አጡበት መሰለኝ። «ቆፍር» አሉ።

ቆፋሪው ዶማውን አነሣና ጣለ። ዶማው ነጠረ። «ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ!» አለ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። እንደ ገና አነሣ፤ ጣለ፤ የተወለወለው ቅርፊት እንደ ድስት ግራ ቀኝ ተሰነጠቀ። ሰውየው ዶማውን ፈልቅቆ ሲያወጣ አንድ ትልቅ ጓል ተገለበጠ። ከሥሩ እየተገፋፉ፣ እየተደራረቡ፣ ቦታ አጥተው አንዱ በአንዱ ላይ ተለጥፎ፣ ድንቾች ወጡ።

እንዲህ ዓይነት ድንች በሕይወቴ አላየሁም። አንዱ እንደ ጫማ ሶል ጠፍጣፋ ነው፤ አንዱ ተጠማዝዞ የበቅሎ ኮርቻ መስሏል፤ ሁለቱ እንደ መንትያ ተጋጥመው ወጥተዋል። ክብ የሆነ የለም ማለት ይቻላል። በልል አፈር ቢሆኑ ኖሮ እጥፍ ይሆኑ ነበር፤ ይህን የምለው ለሥርዓቱ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ «አለ! አለ! አለ!» እያልኩ ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

ባላምባራስ ከበቅሎ ወረዱ። አንዱን ድንች በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ጎንበስ ብለው አነሡት። ከዚያ በተገለበጠው አፈር ውስጥ ሌላ ነጭ ነገር ታያቸውና በጣታቸው ጫር አደረጉ። እርሱ ወጣ፤ ከሥሩ ሌላ ታየ።

«ይህንንም ተመልከት» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ከሥሩ ሌላ አለ። ዶማውን ወዲህ በለው!»

«ጌታዬ፣ እኔ ልቆፍር» አለ ወኪሉ።

«ዞር በል! አንተ ሞቷል ያልክ ነህ!»

ካባቸውን አውልቀው ለወኪሉ ወረወሩለት። ድንች ቆፍሮ የማያውቅ ሰው ይህን ደስታ አይረዳውም፤ እያንዳንዱ ጓል የተዘጋ ስጦታ ነው፤ አንድ ያወጣ ሰው ሁለተኛውን ሳያይ አይቆምም። ባላምባራስ ያን ትልም ለብቻቸው ጨረሱት። አንዱ ቆፋሪ በሌላው ትልም ከእርሳቸው የበለጠ ድንች ሲያወጣ፣ «የእኔ ይበልጣል! አምጣ፣ ጎን ለጎን አድርገን እንየው!» ብለው ተጣሉት። ጺማቸው ጭቃ ሆነ። እኔና እርሳቸው አንዱን ድንች ከሁለት በኩል ይዘን ስንጎትት ድንገት ተነቀለና ሁለታችንም በየጀርባችን ወደቅን፤ ሱሉልታ ያን ያህል ሳቅ ሰምታ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

የጾሙ ሰዓት አልፎ ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ በአዲስ ድስት ቀቀለችው፤ ከጨውና ከበርበሬ ጋር በገበቴ ይዛ ቀረበችና ቆመች። ሁሉም የባላምባራስን እጅ ያያል። እርሷም ታውቃለች፤ ገበቴውን ወደ እርሳቸው አስጠጋች።

ባላምባራስ ገበቴውን አዩ። «የጾም ነው?» አሉ።

«ከመሬት የወጣ ነው፤ የጾም ነው» አልኩ።

አንዱን አነሡ፤ አቃጠላቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየወረወሩ እፍ አሉበት፤ በበርበሬ ነክረው ጎረሱ። አላመጡ። ሁለተኛ አነሡ። ያን ጊዜ ቆፋሪዎቹ ሁሉ እጃቸውን ሰደዱ፤ ወኪሉም ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ አንድ ወሰደ።

እኔ ለዘር የሚሆነውን መለየት ጀመርኩ። ባላምባራስ ትልልቁ ለዘር ይቀመጥ አሉ፤ እኔ መካከለኛው ነው አልኩ፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደግሞ ቅርጹ ያማረው ካልሆነ አለች። ያማረ እንደሌለ ብንነግራት አንድ ፈልጋ አመጣች። እየተከራከርን ሳለን ኦቦ ገመዳ ከፊታችን መጥተው ቆሙ። ከተቀቀለው አንድም አልነኩም፤ ይህን ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

«ጌታዬ» አሉ፣ «ቃሉን አልሰማንም። እንሂድ ወይስ እንኑር?»

ባላምባራስ አፋቸው ሙሉ ነበርና አኝከው እስኪውጡ ጠበቅን። በብስጭት ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ይህ ሰውዬ ምን ይላል? ይህን ዘር ማን ሊያስቀምጠው ነው? ዘር ያስቀመጠ ሰው ወዴት ይሄዳል!» አሉና ወደ አህያ ነጂዎቹ ዞረው፣ «እናንተስ ምን ቆማችኋል? ያን ችግኝ ከወንዙ ማዶ አስተክሉት፤ እዚህ ጥላ ይጥላል!» ብለው ጮኹ።

ኦቦ ገመዳ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። ከትልሙ ዳር፣ ከተገለበጠው አፈር ላይ፣ በዝግታ ተቀመጡና እጃቸውን ወደ ሚስታቸው ዘረጉ።

«እንግዲህ ለእኔም አንድ ስጪኝ» አሉ።